የዌብሳይቱ መዝገብ ሲያምታታ ኪሳራው የማን ነው?

በታኅሣሥ 19 ዋዜማ በሐዋሳ ፒያሳ ባዶ አልጋ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ለቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላና ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የሚመጣው ምዕመን ሆቴሉንም ፔንሲዮኑንም ይሞላዋል። ቀደም ሲል የአልጋው ገበያ በደላላ እጅ ነበር። እንግዳው ከአውቶብስ ሲወርድ ደላላው ተቀብሎ፣ ዋጋ ተናግሮ፣ በር ድረስ ያደርሰው ነበር። አሁን ግን ብዙው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ይዞ፣ በስልኩ ከፍሎ መምጣት ጀምሯል።

ለአብነት ያህል በፒያሳ አንድ ክፍል ተከራይቶ የአልጋ መያዣ ዌብሳይት የከፈተ ወጣት ነጋዴ እናስብ። ሥራውን የጀመረው በአራት ፔንሲዮኖች ነው። ዛሬ 60 ሆነውለታል። በበዓሉ ዋዜማ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ በር ላይ ይገናኛሉ። የሁለቱም የክፍያ መልእክት ትክክለኛ ነው፣ የሁለቱም የክፍል ቁጥር 14 ነው። የፔንሲዮኑ ባለቤት «እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው» ይላሉ። ነጋዴው ፕሮግራሙን ወደ ሠራለት ልጅ ይደውላል። ልጁ «ሰርቨሩ ተጨናንቆ ነው» ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

«ሰርቨሩ ተጨናንቆ ነው» የሚለው መልስ በንግዱ ዓለም እየተለመደ መጥቷል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ገንዘቡን በዌብሳይት ላይ ያዋለ ባለሀብት ፕሮግራም መጻፍ ባይጠበቅበትም በሽታው ምን እንደሆነና ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ግን ይኖርበታል።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለው መዝገብ

ደንበኛው በስልኩ የሚያየው ፎቶግራፍ፣ ዋጋና ቁልፍ የሱቁ መስታወት ነው። ንግዱ ያለው ከጀርባ በተቀመጠው መዝገብ ላይ ነው። የትኛው ክፍል ተይዟል፣ ማን ከፈለ፣ ስንት ቀረ የሚለው ሁሉ የሚጻፈው የመረጃ ቋት ወይም በተለምዶ ዳታቤዝ በሚባለው ውስጥ ነው። ዛሬ አብዛኛው ዳታቤዝ የሚሠራበትን ሥርዓት፣ ማለትም መረጃን በዓምድና በረድፍ ሠንጠረዥ አድርጎ ማስቀመጥን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። በደብተሩ ላይ መስመር አስምሮ «ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ» ብሎ የሚጽፍ የመርካቶ ነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ለነጋዴው ከሠንጠረዡ ይልቅ የሚበልጥበት ግን ሌላ ሕግ ነው። ይህም አንድ ግብይት ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ጭራሽ እንዳልነበረ ይቆጠራል የሚለው ነው። ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ ለሌላው ሳይደመር መሐል ላይ መቅረት የለበትም። ይህን አሠራር በማዳበር በኩል ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1998 በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራው ነው።

የመጋቢት 7 ሌሊት ትምህርት

የአገራችን ነጋዴ ይህ ሕግ ሲላላ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌላ ማስተላለፍ መቻላቸው ይታወሳል። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በፍጥነት ተዛምቶ ተማሪዎች በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ።

በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጸዋል። ብሔራዊ ባንክም ክስተቱን ከሥርዓቱ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞታል። ባንኩ በሰጠው መግለጫ በዚያ ሌሊት የተፈጸመው ግብይት በቁጥር 490 ሺህ፣ በገንዘብ 2.4 ቢሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አላግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። በቀጣዮቹ ቀናት ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስም እስከመለጠፍ ደርሷል። በዚያው ወር ውስጥም ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ገንዘብ መመለሱ ተነግሯል።

ከዚህ ታሪክ ለትንሹ ነጋዴ የሚተርፉት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ትልቅ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌባ ሳይሆን ከጥገና ነው። ሁለተኛ፣ ንግድ ባንክ ገንዘቡን ማሳደድ የቻለው እያንዳንዱ ግብይት በማን፣ መቼና ስንት ብር እንደተፈጸመ የሚያሳይ መዝገብ ስለነበረው ነው። የፒያሳው ነጋዴ ያ መዝገብ አለው ወይ?

ጥገና የሚያመጣው ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን መረጃ ከአሮጌ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን መክፈት ተስኗቸዋል። ነገሩ ተረጋግቶ ወደ ነበረበት ለመመለስ ወራት ወስዷል። ተቆጣጣሪዎችም በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥተውታል።

አንድ አልጋ፣ ሁለት እንግዳ

ወደ ክፍል ቁጥር 14 እንመለስ። ከአዲስ አበባ የሚያዘው እንግዳ «ክፍት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መዝገቡ «አዎ» ይላል። በዚያችው ሰከንድ ከዲላ ሌላው ይጠይቃል፣ እሱም «አዎ» ይባላል። ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ሁለቱም ይጻፋሉ። ፕሮግራሙ የጠየቀው አንድ ጊዜ፣ የጻፈው ሌላ ጊዜ ሆኖ በመካከሉ ክፍተት ስለተፈጠረ ሁለቱም እውነተኛ ደረሰኝ ይዘዋል።

በቀን አምስት ሰው ብቻ በሚገባበት ዌብሳይት ይህ ክፍተት ለዓመት ሳይታይ ሊኖር ይችላል። በበዓል ዋዜማ በደቂቃ መቶ ሰው ሲገባ ግን ይገለጣል። ነጋዴው «ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ተበላሸ» የሚለው ለዚህ ነው። እውነቱ ግን ትናንትም የተበላሸ ነበር፣ የሚገልጠው ሕዝብ ጠፍቶ እንጂ።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጥያቄውና ጽሕፈቱ በአንድ ግብይት ውስጥ ሊታሠሩ ይገባል። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ከዚህም በተጨማሪ «ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከአንድ በላይ ስም አይጻፍም» የሚለው ሕግ በፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን በዳታቤዙ ውስጥ ራሱ መጻፍ አለበት። ፕሮግራም ይለወጣል፣ ፕሮግራመርም ይለወጣል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈ ሕግ ግን ሁሉንም ያስገድዳል።

ንግዱ ሲሰፋ ለምን ይዝላል?

ሁለተኛው ሕመም ዝግታ ነው። የ200 ደንበኞችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቦ አንዱን መፈለግ ለኮምፒዩተር ከመጤፍ አይቆጠርም። ዝርዝሩ 200 ሺህ ሲሆንና በየሰከንዱ ሃምሳ ሰው ሲጠይቅ ግን ያው ልማድ ሰርቨሩን ያንቀዋል። በአንጻሩ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል የተሰናዳ ማውጫ ካለው በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ ሲፈልጉ 200 ሺውን ለመጨረስ 18 እርምጃ ይበቃል። ይህ ማውጫ ኢንዴክስ ይባላል። ብዙ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ትልቅ ሰርቨር እንዲከራይ ይመከራል፣ ወርኃዊ ወጪውም በእጥፍ ይጨምራል። ማውጫው ካልተሠራ ግን ትልቁም ሰርቨር ቀኑን ቆጥሮ ይታነቃል።

ሦስተኛው የመስኮት ብዛት ነው። ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ግንኙነት በቁጥር የተወሰነ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው እንደተገጠመ ሳይነካ ቢተው 151፣ ፖስትግሬስ ደግሞ 100 ግንኙነት ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ መስኮቱን ካልለቀቀ ሌላው ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ሲረዝም ዌብሳይቱ «ተዘጋ» ይባላል። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበሩት ይስተካከላል፣ ነገ ደግሞ ይደገማል። በየቀኑ እየጠፋ እየበራ የሚሠራ ሰርቨር ያለው ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንን ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ ዌብሳይት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት እጅግ ብዙ ሕዝብ ጎረፈበት። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መፈጸም የቻሉት ግን ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የእኛው ሰዓትና የእኛው ፊደል

ከውጭ የመጣ ፕሮግራም የማያውቃቸው፣ በእኛ ገበያ ግን ሒሳብ የሚያዛቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ብዙ ሰርቨር በውጭ አገር ተቀምጦ በግሪኒች ሰዓት ይሠራል። ኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተያዘ አልጋ በመዝገቡ ላይ የትናንት ሆኖ ይጻፋል። ሒሳብ ሠራተኛው በቀኑ መዝጊያ ከቴሌብርና ከባንክ መግለጫ ጋር ሲያመሳክር አይገጥምለትም። ሌባ ይፈለጋል፣ ሠራተኛ ይጠረጠራል፣ ጥፋቱ ግን የሰዓት ነው። እንግዳው «በ2 ሰዓት እደርሳለሁ» ሲል ከጠዋቱ ሁለት ማለቱ ነው፣ ማሽኑ የሚረዳው ግን በፈረንጅ ሌሊት ሁለት ብሎ ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ጳጉሜንን አይቀበልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቋሚ ልዩነት ደምሮ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ታኅሣሥ 19 አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ታኅሣሥ 28 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን በ29 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው፣ በ2020 ዓ.ም.ም ይደገማል። በዚያ ዓመት «የገብርኤል ዋዜማ» ብሎ አልጋ የሸጠ ዌብሳይት ቀኑን በአንድ ሌሊት አሳስቶ ሸጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፊደል ነው። አንዱ «ሀዋሳ» ብሎ፣ ሌላው «ሐዋሳ» ብሎ፣ ሌላውም «አዋሳ» ብሎ ይጽፋል። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ደንበኞች ናቸው። ስለዚህ ደንበኛን በስም ሳይሆን በስልክ ቁጥር መለየት፣ በፍለጋም ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ መቁጠር ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ ቦታ አግኝቷል። ሆኖም ዳታቤዙ ሲተከል ለላቲን ፊደል ብቻ ከተዘጋጀ የደንበኛው ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀመጣል። አንዴ እንዲህ የተጻፈ ስም አይመለስም።

መብራት ሲሄድና ቅጂ ሲጠፋ

ጥሩ ዳታቤዝ የሚሠራው እንደ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ግብይቱን በመጀመሪያ በዕለት መዝገብ ላይ፣ ከዚያም በዋናው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ሲነሣ የዕለት መዝገቡን አንብቦ የጎደለውን ይሞላል። ይህ የሚሆነው ግን ዲስኩ «ጻፍኩ» ሲል በእርግጥ ጽፎ ከሆነ ነው። በሱቅ ጓዳ ውስጥ ያለ ባትሪ መጠባበቂያ የተተከለ ርካሽ ኮምፒዩተር ለዚህ አይታመንም። ዩፒኤስ የዳታቤዙ አካል እንጂ ትርፍ ዕቃ አይደለም።

ቅጂን በተመለከተ ሁሉም «አለን» ይላል። ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ የፕሮግራመሮች አገልግሎት ድርጅትም እንዲሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ ተጠባባቂው ሰርቨር መስሎት የዋናውን መረጃ ሰረዘ። ከ300 ጊጋ ባይት ገደማ ሲያስቆመው የተረፈው ጥቂት ነበር። ከዚያ አምስት ዓይነት የቅጂ ዘዴ እያለ አንዱም እንደታሰበው የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው ያው ባለሙያ ለሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ።

ከዚህ የምንወስደው ሕግ አጭር ነው። ተመልሶ ሲሠራ በዐይን ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ቅጂውም ከዋናው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ሌባም እሳትም ሁለቱን አብሮ ይወስዳቸዋል።

ፍለጋው ከየት ይጀምራል?

ዌብሳይቱ ሲያስቸግር ባለሙያው እንዳሻው እየነካካ እንዲሞክር መተው የከፋ ጥፋት ያስከትላል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

1. ሰዓቱን መዝግቡ። መቼ ተበላሸ፣ ያን ጊዜ ስንት ሰው ነበር፣ ያን ቀን ምን ተለውጦ ነበር? ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ችግር ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ቅጂ መውሰድ፣ ያመጣው ነው።

2. ቦታውን ለዩ። በስልካችሁ ሌላ ገጽ ሁሉ ከዘገየ ጥፋቱ የመስመር ነው። የዌብሳይቱ የፊት ገጽ ተከፍቶ አልጋ መያዝ ብቻ እምቢ ካለ ዐይናችሁን ወደ ዳታቤዙ አዙሩ።

3. ተራውን ነገር አስቀድሙ። ዲስኩ ሞልቷል ወይ? ማስታወሻው አልቋል ወይ? የግንኙነቱ መስኮት ተይዟል ወይ? ብዙ «ምሥጢራዊ» ብልሽት የሞላ ዲስክ ሆኖ ይገኛል።

4. የዘገየውን ጥያቄ አውጡ። ዳታቤዙ ራሱ ብዙ ጊዜ የወሰዱትን ጥያቄዎች መዝግቦ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ማውጫ የሚሠራው ለእነዚህ ነው።

5. አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ለውጡንም ጻፉ፣ መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞክሩ። ሦስት ነገር በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም እንደገደለው አያውቅም። በበዓል ዋዜማም ምንም አትንኩ።

6. በየማታው ሦስቱን አመሳክሩ። የዌብሳይቱ መዝገብ፣ የክፍያ ድርጅቱ መግለጫና የፔንሲዮኖቹ ደብተር መግጠም አለባቸው። የማይገጥም አንድ አልጋ በዕለቱ ከታወቀ ኪሳራው የአንድ አልጋ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ከታወቀ ግን ማንም ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ከመፈረም በፊት

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ እንምጣ። በፒያሳ በር ላይ የቆሙትን ሁለት ቤተሰቦች የሚክሳቸው ማነው? እንግዳው የሚያውቀው ገንዘቡን የተቀበለውን ነው። ፕሮግራመሩን አያውቅም፣ ሰርቨር አከራዩን አያውቅም። ስለዚህ በውል ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ዕዳው የሚያርፈው ነጋዴው ትከሻ ላይ ነው።

ውል ሲፈረም «99 በመቶ ይሠራል» የሚል ተስፋ ብዙውን ጊዜ ይቀርባል። ቁጥሩ ያማረ ይመስላል፤ በዓመት ሲሰላ ግን ከሦስት ቀን ተኩል በላይ መዘጋት ማለት ነው። 99.9 በመቶ ከሆነ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። የሐዋሳ አልጋ ነጋዴ የዓመት ትርፉን ጥሩ ድርሻ በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል እንዲሁም በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን የሚያገኝ ከሆነ፣ እነዚያ ሦስት ቀናት የትኞቹ እንደሚሆኑ መጠየቅ መብቱ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። በበዓል ሰዓት ዌብሳይቱ በሰዓት 20 አልጋ የሚሸጥና ከእያንዳንዱ 100 ብር የሚተርፍ ቢሆን የአምስት ሰዓት መዘጋት 10 ሺህ ብር ያሳጣል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ደላላ የተመለሰው ደንበኛ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

በውሉ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። መረጃው የማን ነው? የይለፍ ቃሉ በነጋዴውም እጅ አለ ወይ? ቅጂ በስንት ጊዜ ይወሰዳል፣ መመለሱንስ ማን ይፈትሻል? ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይመለሳል፣ ካልተመለሰስ? ከዚህ በተጨማሪ የደንበኛን ስምና ስልክ የሚይዝ ሁሉ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ያንን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል።

የቀድሞው ደላላ ደብተር አልነበረውም ይባላል፣ ነገር ግን አንድን አልጋ ለሁለት ሰው ከሸጠ በማግስቱ ፒያሳ ላይ ቆሞ የሚያነጋግረው ሰው አያገኝም ነበር። የዌብሳይቱም ገበያ የሚቆመው በዚሁ እምነት ነው። ቀጣዩ በዓል ከመድረሱ በፊት ነጋዴው ባለሙያውን ጠርቶ «ቅጂውን እዚሁ ፊቴ መልሰህ አሳየኝ» ቢለው ጥሩ ነው። መልሱ ሰበብ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ከወዲሁ አወቀ ማለት ነው።